ሰልባጁ፣ ሲንጀሩና ልኩ

ልብስ ሰፊ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ የትከሻችንን ስፋት፣ ወገባችንንና የእጃችንን ርዝመት ሲለካ «ልክ ወሰደ» እንላለን። የተነገረን ነገር እውነት ሲሆንብንም «ልክ ነው» እንላለን። አማርኛ መለኪያንና ትክክለኛነትን በአንድ ቃል ማሰሩ ስለ አለባበስ ትልቅ ነገር ይጠቁመናል። አንድ ሰው በአጠገባችን ሲያልፍ «እንዴት ዘንጧል!» ብለን ዞር የምንለው ብዙውን ጊዜ ልብሱ አዲስ ስለሆነ አይደለም፤ ኮቱ ትከሻው ላይ በቦታው ስለተቀመጠ፣ ሱሪው ጫማው ላይ ሳይከመር ስለቆመ፣ ቀሚሷ ወገቧን በትክክል ስላገኘ ነው። ትናንት ከሱቅ የወጣ ኮት ትከሻው ወደ ክንድ ከወረደ የተዋሱት ይመስላል። ዐሥር ዓመት ያገለገለው በለባሹ ልክ ከተስተካከለ ደግሞ ዕድሜው አይታወቅም። የዛሬው ዝግጅቴ በዚህ ላይ የቆመ አንድ ሐሳብ ያቀርባል፦ በሚዛን ተፈሪ፣ በቴፒና በዙሪያቸው ባለው የቡና አገር ገንዘቡ ውስን የሆነ ሰው አምሮ ለመታየት ከፈለገ፣ ብሩን አዲስ ልብስ ላይ ከሚያፈስ ይልቅ ያገለገለውን ልብስ በልኩ ለሚያድስለት ልብስ ሰፊ ቢከፍል ይሻለዋል።

የዋጋውን ነገር እናስቀድም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ እስከዚያ ድረስ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ቡቲክ ውስጥ ተሰቅሎ የምናየው ልብስ አብዛኛው ከውጭ የሚገባ በመሆኑ ዋጋው ከዶላሩ ጋር ይወጣል። ሚዛን ደግሞ ከአዲስ አበባ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ከመርካቶ የተነሳ አንድ ሸሚዝ በጅማ በኩል እስኪደርስ የመኪናው ኪራይ፣ የአከፋፋዩና የቸርቻሪው ትርፍ እየተደራረበበት ይመጣል፤ ይህ ሁሉ ወጪ ሸሚዙን በአንዲት ክር እንኳ አያጠነክረውም። የቡና አገር ሌላም የራሱ ጣጣ አለው። ገቢው በዓመት አንድ ጊዜ ነው። እሸቱ ወይም ጀንፈሉ ተሸጦ ብር እጅ ሲገባ የልጆች ትምህርት ቤት፣ የብድር ዕዳ፣ የቤት ቆርቆሮ፣ ሰርግና ልብስ ሁሉም በአንድ ወር ይሰለፋሉ። ልብስ በጥድፊያ ይገዛል፤ በጥድፊያ የተገዛ ልብስ ደግሞ ብዙ ጊዜ ልክ አይሆንም። ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ከየአገሩ የሚያመጣቸው ተማሪዎችም፣ በወር ደመወዝ የሚተዳደረው ሠራተኛም መልካቸው ቢለያይ እንጂ ከዚህ ችግር አያመልጡም።

ያገለገለ ልብስ ሲባል ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያስበው ሰልባጅ ነው። በቦንዳ ታስሮ የሚመጣው ይህ ልብስ አፍሪካን ሙሉ የሚያዳርስ ንግድ ነው። በኬንያ «ሚቱምባ» ይሉታል፤ በዛምቢያ ስሙ «ሳላውላ» ሲሆን ከክምር ውስጥ አገላብጦ መምረጥ ማለት ነው። በጋና ዋና ከተማ በአክራ ባለው የካንታማንቶ ገበያ በየሳምንቱ 15 ሚሊዮን ያህል ያገለገለ ልብስ እንደሚራገፍ ዘ ኦር ፋውንዴሽን የተባለው ድርጅት ይገምታል። በዚህ ንግድ ላይ የሚነሳው ተቃውሞ ቀላል አይደለም፣ ልንሸሸውም አይገባም። ጋርዝ ፍሬዘር የተባሉ የኢኮኖሚ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት፣ ከ1981 እስከ 2000 በአፍሪካ ለታየው የልብስ ምርት መውደቅ 40 በመቶ ያህሉ ምክንያት ከውጭ የገባው ያገለገለ ልብስ ነው ብለዋል። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2016 በኪሎ 20 ሳንቲም ዶላር የነበረውን ቀረጥ ወደ 2 ዶላር ከ50 ሳንቲም ያሳደገችው በዚህ ስጋት ነው፤ በምላሹም አሜሪካ በ2018 የሩዋንዳን ልብስ ከቀረጥ ነፃ መግባቱን አገደችባት። በእኛም አገር ልባሽ ጨርቅን ለንግድ ከውጭ ማስገባት የተከለከለ ነው። ጉምሩክ ያዝኩ ብሎ በሚዘረዝራቸው የኮንትሮባንድ ዕቃዎች መካከል ልባሽ ጨርቅ ተደጋግሞ ይጠራል።

እኔም ለቦንዳው ጠበቃ ልሆን አልመጣሁም። ተቃውሞው እውነት ነውና የኔ ሐሳብ በእሱ ላይ ሊቆም አይችልም፣ ሊቆምም አያስፈልገውም። ከሁሉ የሚቀርበን ያገለገለ ልብስ ድንበር የሚሻገር አይደለም፤ ሳጥናችን ውስጥ ያለው ነው። የአባት ሱፍ፣ ታላቅ እህት የጠበባት ቀሚስ፣ ከውጭ አገር ዘመድ በሻንጣ ያመጣው ጃኬት፣ አንድ ቁልፍ ስለጎደለው ብቻ የተጣለ ሸሚዝ፣ መካከሉ ሳስቶ ጥለቱ ያልተነካ ነጠላ፣ ጎረቤት ሲዘዋወር በርካሽ የሚሸጠው ሁሉ አገር ውስጥ ያለ፣ ዶላሩ አስቀድሞ የተከፈለበት ጨርቅ ነው። እሱን አድሶ መልበስ የአገር ፋብሪካን አይጎዳም። በረንዳ ላይ ሲንጀሯን ዘርግታ ለተቀመጠችው ልብስ ሰፊ ደግሞ ሥራ ይሆናታል። ቡቲክ ውስጥ የከፈልነው ብር ሩቅ አገር ይሄዳል፤ ለሰፊዋ የከፈልነው እዚያው ቴፒ ገበያ ውስጥ ሽንኩርትና በርበሬ ይገዛል።

ይህ አዲስ ፈሊጥም አይደለም። ጨርቅን እስከ መጨረሻው ክር መጠቀም የኖርንበት ጥበብ ነው። አራት ድርብ የሆነው ጋቢ ሲያረጅ ተተርትሮ ደህናው ክፍል ለሕፃን መጠቅለያ ይሆናል፤ ከነጠላ የተረፈው ቁራጭ የመሶብ መሸፈኛ ይሆናል፤ ሁሉም አልቆ ጨርቅ ብቻ ሲቀር ምጣድ ላይ ጎመን ዘር የሚያሰሱበት ማሰሻ ሆኖ ይኖራል። አንድ የጥጥ ክር ከሸማኔው ጉድጓድ ተነስቶ ማሰሻ እስኪሆን የሁለት ትውልድ ዕድሜ ሊቆይ ይችላል። በአዲስ አበባ ሰፈሮች «ልዋጭ!» እያሉ የሚዞሩት ነጋዴዎች አሮጌ ልብስ ወስደው የፕላስቲክ ሣህንና ባልዲ ይሰጣሉ፤ መርካቶ ምናለሽ ተራ የተጣለ ብረት ሁሉ ምድጃና ማንከሽከሻ ይሆናል። ከመኪና ጎማ የሚቆረጠው በረባሶ ጫማ ገበሬውንም ተዋጊውንም ተሸክሞ የኖረ ነው፤ ወይዘሮ ቤተልሔም ጥላሁን ከ20 ዓመት በፊት ገደማ ሶል ሬብልስ የተባለውን የጫማ ድርጅት አዲስ አበባ ላይ ሲመሠርቱ ለዓለም ገበያ ያቀረቡት ከዚሁ ጫማ የተወለደውን ሐሳብ ነው። በአንጻሩ ኤለን ማክአርተር ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ዘገባ፣ በዓለም ላይ ልብስ ለመሥራት ከሚውለው ጥሬ ዕቃ ተመልሶ ልብስ የሚሆነው ከ1 በመቶ በታች ነው። ዛሬ ዓለም በስብሰባ የሚፈልገውን ዘዴ የእኛ እናቶች ከምጣዱ አጠገብ ያውቁታል። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» የሚለውም ተረት በዚህ አያያዝ ውስጥ ካደገ ሕዝብ አፍ ብቻ የሚወጣ ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎች በልባቸው የሚይዙት፣ ጮክ ብለው ግን የማይናገሩት መልስ አለ፤ ያፍራሉ። «የሰው ልብስ ለበሰ» መባል፣ «ቅያሬ የለውም» መባል ያስፈራል። ሐፍረቱን አላቃልለውም፤ ልብስ የክብር ቋንቋ በሆነበት አገር፣ የክት ልብስና የዘወትር ልብስ በተለየበት ባህል ይህ ስሜት ሥር አለው። ሆኖም ምንጩን በደንብ እንመርምረው። ሐፍረቱ የሚመጣው ከልብሱ ዕድሜ ነው ወይስ ከአሠራሩ? እንግሊዞች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን፣ ከሰኔ 1941 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ልብስ በራሽን ሲታደላቸው፣ መንግሥታቸው ባለው ልብስ መብቃቃትንና መጠገንን የሚያስተምር አነስተኛ መጽሐፍ በ1943 አሳትሞ አሠራጨ፤ የተጣፈ ክርን ያን ጊዜ የአገር ፍቅር ምልክት ሆነ። በሰሜን ጃፓን ድሆች ገበሬዎች ሰማያዊ ጨርቅ በጨርቅ ላይ እየደራረቡ የሰፉት «ቦሮ» የሚባለው ልብስ ዛሬ በሙዚየም ይታያል። ልዩነቱ ጥገናው እንዴት እንደተሠራ ነው። በጥቁር ሱሪ ጉልበት ላይ በነጭ ክር በችኮላ የተጠቀመ ቀዳዳ ይቅርታ የሚለምን ይመስላል። መጣፊያ ሁለት መንገድ ብቻ አለው፦ ወይ ፈጽሞ አይታይ፣ ወይ ታስቦበት የገባ መሆኑ ይታወቅ። በሁለቱም ክርኖች ላይ እኩል ተቆርጦ የተሰፋ ቡናማ መጣፊያ፣ ከአሮጌ ነጠላ ተቆርጦ በአዲስ መልክ ኮሌታና እጅጌ ላይ የገባ ጥለት ማንንም አያሳፍርም። እንዲህ ያለ ሸሚዝ ደግሞ በየትኛውም ቡቲክ ስለማይገኝ፣ የራስ መልክ የሚባለው ነገር የሚጀምረው ከዚህ ነው።

አሁን ወደ ጨርቁ እንግባ፤ በኔ እምነት ትልቁ ስህተት የሚፈጸመው እዚህ ነው። የቴፒ አየር ሞቃትና እርጥብ ነው፤ ከተማዋ ያለችው ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በዚያው ዞን ወደ ማሻ ሲወጡ ግን ከ2,000 ሜትር በላይ ጉምና ብርድ ይጠብቃል። በአንድ ቀን መንገድ ላይ ሁለት አገር አለ ማለት ነው። ለማሻ ሰው ወርቅ የሆነ የሱፍ ሹራብ ቴፒ ላይ ሸክም ይሆናል። ቆላ ላለ ሰው ጥጥ ይሻላል፣ ላብ ይጠጣል፣ ሰውነትን ያናፍሳል፤ ግን ዝናቡ በማያባራባቸው ወራት ለመድረቅ ይዘገያል፣ እርጥቡን ከታጠፈ ይሻግታል። ፖሊስተር ቶሎ ይደርቃል፣ አይጨማደድም፤ ላቡን ግን ይዞ ይሸታል። ስለዚህ ከሰውነት ጋር የሚነካካው ሸሚዝና ካናቴራ ጥጥ፣ ከላይ የሚደረበው ጃኬት ሰው ሠራሽ ቢሆን ለዚህ አገር ያመቻል። ምልክቱ ተቀዶ ጨርቁ ምን እንደሆነ ካልታወቀ ከውስጠኛው ስፌት ሁለት ክር መዝዞ ከልብሱ አርቆ ማቃጠል ነው፦ ጥጥ እንደ ወረቀት ነድዶ ለስላሳ አመድ ይተዋል፤ ሱፍ እንደተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፤ ፖሊስተር ቀልጦ ጠንካራ እንክብል ይሆናል። ቀለምም ከመሬቱ ጋር ይማከር። ቀይ ጭቃ ባለበት አገር ነጭ ሱሪ በየቀኑ የሚታጠብ ዕዳ ነው። ከታች ቡናማ፣ ጥቁር አረንጓዴ ወይም የሻይ ቀለም፣ ከላይ ደግሞ ፊትን የሚያበራ ፈካ ያለ ቀለም ቢሆን ሦስት ሱሪና አራት ሸሚዝ እርስ በርስ ተዋድደው ብዙ ቅያሬ ይሆናሉ።

ልብስ ሰፊው ምን ሊያስተካክል እንደሚችል ማወቅ ደግሞ ግማሹን ገንዘብ ያድናል። የሱሪ ቁመት፣ ወገብ፣ የእጅጌ ርዝመት፣ የቀሚስ ጎን በቀላሉ ይስተካከላሉ። የኮት ትከሻ ግን አስቸጋሪ ነው፤ እጅጌውን ነቅሎ፣ ገበሩን ተርትሮ እንደገና መትከል ስለሚጠይቅ ትከሻው ያልሆነ ኮት በነፃ ቢሰጥም ቢታለፍ ይሻላል። ሰፊ ልብስ ይጠባል፤ ጠባብ የሚሰፋው ግን በውስጥ በኩል የተረፈ ጨርቅ ካለው ብቻ ነው፤ ስለዚህ ልብሱን ገልብጦ ስፌቱን ማየት ከፊቱ ይልቅ ብዙ ይነግራል። ወደ ብርሃን ዘርግቶ መቀመጫው፣ ብብቱና ክርኑ ሳስቶ እንደሆነ መመልከት፣ ዚፑን ሁለት ሦስት ጊዜ መዝጋትና መክፈት፣ ኮሌታው ጠርዙ ላይ ተበልቶ እንደሆነ መዳሰስ ያስፈልጋል። የተበላ ኮሌታ ራሱ መድኃኒት አለው፦ ከሥሩ ተተርትሮ ተገልብጦ ሲሰፋ ያልተነካው ወገን ወደ ውጭ ይወጣል። ጉልበቱ ያለቀ ሱሪ ቁምጣ፣ ጀርባው ደህና የሆነ የአባት ሸሚዝ የልጅ ቀሚስ ይሆናል። ለዚህ ሁሉ መቀስ ከማንሳት በፊት ስፌቱን በጥንቃቄ መተርተር ይበጃል፤ የተተረተረው ልብስ ራሱ የቅድ ሞዴል ሆኖ ሌላ ጨርቅ በላዩ ይቆረጥበታል። የቡና ኬሻ ተሰፍቶ ጥሩ የዕቃ መያዣ ቦርሳ ይወጣዋል፤ ልብስ ላድርገው የሚል ካለ ግን ቆዳን ይፍቃልና አልመክርም።

የጤናው ጥያቄ ይነሳል፣ መነሳቱም ትክክል ነው። ቅማል፣ እከክ፣ ፈንገስ በልብስ ሊተላለፉ ይችላሉ፤ ቅማል ደግሞ እንደ ግርሻ ያለ በሽታ ያስተላልፋል። መልሱ ግን ከእያንዳንዳችን ቤት አይርቅም። ከሌላ ሰው የመጣ ልብስ ሁሉ ሳይለበስ በፊት በሙቅ ውኃ ይታጠብ፣ ፀሐይ ላይ ክው ብሎ ይድረቅ፣ ስፌቱ ላይ በካውያ ይተኮስ። ሙቅ ውኃ የማይችል ልብስ በላስቲክ ከረጢት ተቋጥሮ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ይቀመጥ፤ የእከክ ተሕዋስ ከሰው ቆዳ ተለይቶ ከጥቂት ቀናት በላይ አይኖርም። የውስጥ ሱሪና የጡት መያዣ ግን ከዚህ ሐሳብ ውጭ ናቸው፤ እነሱን አዲስ መግዛት ነው። ጋና እንኳ ሰልባጅን ፈቅዳ እያለ ያገለገለ የውስጥ ልብስ እንዳይገባ በ1994 እ.ኤ.አ. በሕግ ከልክላለች።

«ማሳደሻው ከአዲሱ ዋጋ ከበለጠስ?» የሚል አድማጭ ይኖራል። አንዳንዴ ይበልጣል፤ ለርካሽ የልጅ ካናቴራ ልብስ ሰፊ ጋ መሄድ አያዋጣም። ስሌቱን ግን በግዢው ቀን ዋጋ ብቻ አንሥራው፤ ልብሱ በሚለበስበት ቀን እናካፍለው። ለምሳሌ ያህል አዲስ ሸሚዝ በ1,800 ብር ተገዝቶ ስለማይመች 30 ቀን ብቻ ቢለበስ፣ የእያንዳንዱ ቀን ዋጋ 60 ብር ነው። ቤት ያለ ሸሚዝ በ400 ብር ተስተካክሎ 40 ቀን ቢለበስ በቀን 10 ብር ነው። ቁጥሩን እያንዳንዳችሁ በአካባቢያችሁ ዋጋ ተኩት፤ ሚዛኑ ብዙ ጊዜ ወደዚያው ያጋድላል። ይህ ስሌት ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ለምረቃ ሱፍ ነው። ቤተሰብ ተበድሮ የሚገዛው፣ ለአንድ ቀን ፎቶግራፍ የሚለበሰው፣ ከዚያ በኋላ በሳጥን የሚሻግተው ሱፍ ያሳዝነኛል። ታላቅ ወንድም የተመረቀበት ሱፍ ትከሻው ከሆነ፣ ወገቡ ገብቶ፣ ሱሪው ጠበብ ብሎ፣ ቁልፎቹ ተቀይረው ታናሹን ያስመርቃል፤ የተረፈው ብር ሥራ እስኪገኝ የቤት ኪራይ ይሆናል።

ስለ ማቅለም አንድ ነገር ልጨምር፤ ለዚህ አገር የተገባ ነውና። በቡናና በወተት የተበከለ ነጭ የጥጥ ሸሚዝ አልነጣ ካለ፣ ማንጣቱን ትቶ ሁሉንም ቡና ማልበስ ይቻላል። ለቀናት የተጠራቀመ የቡና አተላ በብዙ ውኃ ተፈልቶ፣ ተጣርቶ፣ አስቀድሞ ታጥቦ የረጠበው ሸሚዝ ሌሊቱን በውስጡ ሲዘፈዘፍ ከገለባ እስከ ቡናማ የሚሄድ ቀለም ይይዛል። ጥጥና ሱፍ ይቀበሉታል፤ ፖሊስተር አይቀበልም። ቀለሙ በእጥበትና በፀሐይ እየሳሳ ስለሚሄድ በየጊዜው መድገም ይፈልጋል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክር ሰውም በቁራጭ ጨርቅ ቢጀምር ሸሚዙን አይከስርም። ነጠብጣቡ የነበረበት ቦታ ጠቆር ብሎ ሊቀር ይችላል፤ በቡናማ ላይ ያለ ጠቆር ያለ ቡናማ ግን ከነጭ ላይ ካለ እድፍ ይሻላል።

በመጨረሻ የጊዜው ነገር ይቀራል። ልብስ ሰፊዎች መስቀል፣ ገናና ፋሲካ ሲቃረቡ እስከ እኩለ ሌሊት ይሠራሉ፤ በዚያ ሰሞን የመጣ ልብስ ይዘገያል፣ ወይም በችኮላ ይሰፋል። ሰፊዎቹ ሥራ የሚቀዘቅዝባቸው ከቡና ለቀማው በፊት ያሉት፣ ዝናቡ የበረታባቸው ወራት ናቸው። ያን ጊዜ ሳጥናችንን ከፍተን፣ ሁለት ሦስት ልብስ መርጠን፣ በደንብ አጥበን እንሂድ። አብሮን በጣም የሚስማማን አንድ ልብስም ይሂድ፤ ሰፊዋ በቃል ከምንነግራት ይልቅ ከእሱ ልካችንን በደንብ ታነባለች። የምንለብሰውን ጫማ አድርገን እንቁም፤ የሱሪ ቁመት ያለ ጫማ አይለካም። ከዚያ በመርፌ ቁልፍ ተይዞ በመስታወት ሳናየው መቀስ እንዳይነካው እንጠይቅ፤ ጎበዝ ሰፊ በዚህ አትቀየምም። የተቆረጠውንም ቁራጭ ይዘን እንመለስ፤ የሚቀጥለው ዓመት መጣፊያ ከእሱ ይወጣል።